ጀርባ ክፍት ሄድፎኖችን በድምፅ ጥራትና በምቾት ማወዳደሪያ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አድማጮች

ሁለት ሄድፎን ተራ በተራ ጆሮ ላይ አጥልቆ «ይኼኛው ይበልጣል» ለማለት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እንዲህ ተፈርዶለት የተገዛ ሄድፎን ግን ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ጥግ ይይዛል፤ ወይ ራስ ይጨምቃል፣ ወይ ጆሮ ያሞቃል፣ ወይ መጀመሪያ ቀን ያማለለው ድምፅ እየዋለ ሲያድር ያሰለቻል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ጊዜ ይወስዳል። የሚጠይቀው ዕቃ ግን ስልክ፣ ወፍራም ካርቶን፣ እስክሪብቶና አንድ ታጋሽ ጓደኛ ብቻ ነው።

ጀርባ ክፍት የሚባለው ሄድፎን የውጭ ሽፋኑ ወንፊት ወይም ፍርግርግ የሆነው ነው። ድምፅ አመንጪው ክፍል ወደ ጆሮ ከሚልከው ሌላ ወደ ውጭም ይለቃል፤ በውስጡ የታፈነ አየር ስለሌለ ሙዚቃው ሰፋ ብሎ፣ ከራስ ቅል ወጣ ብሎ ይሰማል። ሴንሃይዘር በ1968 ኤችዲ 414ን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ አሠራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም። ዕዳውም ያኔ የነበረው ነው፦ የእናንተ ዘፈን ለጎረቤት፣ የጎረቤት ጫጫታም ለእናንተ ይደርሳል።

ደረጃ 1፦ ቤታችሁ ይችለዋል ወይ?

ይህን ሳትመልሱ ሞዴል አትምረጡ። ፒያሳ ወይም ሰኞ ገበያ አካባቢ መንገድ ዳር የምትኖሩ ከሆነ የባጃጁ ጩኸት እንዳለ ይገባል። ኮምቦልቻ ዋናው መንገድ ላይ ከሆናችሁ ከባድ መኪናው አለ። በክረምት ደግሞ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው የደሴ ዝናብ የትኛውንም ጀርባ ክፍት ሄድፎን ያሸንፋል፤ ያኔ ያላችሁ አማራጭ ቮሊዩም መጨመር ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ጆሮ ይጎዳል። ሐረጎን በሚኒባስ እየወረዱ ለማዳመጥ ያሰበ ሰው ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ትቶ ጀርባው ዝግ የሆነውን ይግዛ።

ከእህት ወይም ከወንድም ጋር አንድ ክፍል የምትጋሩም አስቡበት። እናንተ በመጠኑ የከፈታችሁት ዘፈን አጠገባችሁ ለተኛው ሰው ግጥሙ ጭምር ይሰማዋል።

በተቃራኒው ቤቱ ጸጥ ያለ ከሆነ ክፍትነቱ ራሱ ጥቅም ነው። በር ሲንኳኳ፣ ሕፃን ሲያለቅስ፣ «ቡና ደረሰ» ሲባል ትሰማላችሁ። የሠርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ሙዚቃ ሚክስ ለሚያደርግ ሰውም ረጅም ሰዓት ሳያደክም ስለሚያሠራ ተመራጭ ነው። ቀረጻ ላይ ግን ለድምፃዊው አትስጡት፤ የሚፈሰው ሙዚቃ ማይኩ ውስጥ ይገባል።

ደረጃ 2፦ ተወዳዳሪዎቹን ማሰባሰብ

ሁለት ይበቃሉ፤ ሦስት ከሆኑ ሁለት ሁለቱን እያጋጠማችሁ አንዱን ጣሉ። አምስት ሄድፎን በአንድ ምሽት ያወዳደረ ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ውስጥ ሱቅ ገብቶ ሰባት ዓይነት ጀርባ ክፍት ሄድፎን መሞከር የሚታሰብ አይደለም። የሚሻለው የሰው መንገድ ነው፤ ስቱዲዮ ያለው ጓደኛ፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር ጎረቤት፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከዓረብ አገር ዕቃ ያስመጣ ዘመድ። ለሁለት ሦስት ቀን ተዋሱ። ለአንድ ሰዓት ብቻ የሚሰጣችሁ ካለ ድምፁን ትተዋወቃላችሁ፣ ምቾቱን ግን አትለዩትም።

በብዛት የሚነሡትን ሞዴሎች ጠባይ ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ከ1997 ጀምሮ ያለ ሲሆን ሚዛኑ 260 ግራም ገደማ ነው፤ የሰው ድምፅ ላይ የሚተካከሉት ጥቂት ናቸው፣ ጥልቅ ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) ግን ያንሰዋል። በ2003 የመጣው ኤችዲ 650 የእሱ ወንድም ነው፤ ትንሽ ሞቅ ያለ፣ ጫፉ ለስለስ ያለ። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ ቤዙንም ትሬብሉንም (ቀጭኑን ድምፅ) ከፍ አድርጎ መሃሉን ያሳንሳል፤ ለስላሳ ከፋይ ስፖንጁ ይወደዳል፣ የትሬብሉ ስለት ግን አንዳንዱን ሰው ያሸሻል። ኤኬጂ ኬ702 ሰፊ ሜዳ የሚፈጥርና ቀለል ያለ፣ ቤዙ ግን ቀጭን ነው። ሃይፋይማን ሰንዳራ በሌላ ዘዴ፣ ማለትም በማግኔቶች አጠገብ በተዘረጋ ስስ ሽፋን የሚሠራ ነው፤ ቤዙ ወደ ታች ድረስ ሳይላላ ይወርዳል፣ ክብደቱ ግን 372 ግራም ነው። ከዚሁ ዘዴ ከ600 ግራም የሚያልፉም አሉ። እነሱን ከመግዛታችሁ በፊት አንገታችሁን አማክሩ።

ደረጃ 3፦ ከምን ጋር እንደሚሠራ ማወቅ

ሄድፎን ላይ የሚጻፈው «ኦም»፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መቋቋሚያው መጠን፣ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ኤችዲ 600 ባለ 300 ኦም ነው ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጥና ትልቅ አምፕሊፋየር (የድምፅ ማጉያ) ሊያስመጣ ይነሣል። ግን ይኸው ሄድፎን 1 ቮልት ሲደርሰው 97 ዲሲቤል (ዲሲቤል የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ይሰጣል፤ ከስልኩ ቻርጅ ቀዳዳ ወደ ሄድፎን የሚያገናኝ ጥሩ ትንሽ ማስተላለፊያ ያን ያህል ቮልት ያወጣል። ለዘመናዊ፣ ከመነሻው ጮክ ተብሎ ለተቀረጸ ሙዚቃ ይበቃል። ዝቅ ባለ ድምፅ ለተቀረጸ አሮጌ ዘፈን ግን ቮሊዩሙ መጨረሻው ላይ ደርሶም ያንሳል። በማግኔትና በስስ ሽፋን የሚሠሩት ኦማቸው ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ ጉልበት የሚፈልጉ ናቸው፤ ስለዚህ በቁጥሩ ማነስ አትታለሉ።

ማወዳደሩን የምታደርጉት ወደፊት በምትጠቀሙበት መሣሪያ ይሁን። ጓደኛችሁ ስቱዲዮ ባለው አምፕ የሰማችሁት ድምፅ ቤታችሁ ስልክ ላይ ላይደገም ይችላል። በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ ግድግዳ ላይ የሚሰካው አምፕ ዝም ይላል፤ ከስልኩ ባትሪ የሚሠራው ትንሹ ማስተላለፊያ ግን ይቀጥላል። ለእኛ ከተሞች ይህ ከድምፅ ጥራቱ የማይተናነስ ነጥብ ነው።

ደረጃ 4፦ ዕቃው ጤነኛ መሆኑን ማረጋገጥ

የተዋሳችሁት ያገለገለ ሊሆን ይችላል። ግራና ቀኙ በትክክል መሆኑን፣ ኬብሉን ስታንቀሳቅሱት ድምፅ አለመቆራረጡን እዩ። ከታች ከ20 ኸርዝ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚወጣ ድምፅ አጫውቱ፤ «ትር ትር» የሚል ነገር ከሰማችሁ ብዙ ጊዜ ሽፋኑ ላይ ያረፈች ፀጉር ናት፣ ስፖንጁን አውልቆ በጥንቃቄ ማንሣት ነው። ስፖንጁ የተረገጠ ከመሰለ ፍርዳችሁን አዘግዩ። ስፖንጅ ሲሟሽሽ ጆሮ ወደ ድምፅ አመንጪው ስለሚጠጋ ባሕርዩ ይለወጣል፤ አዲስ ስፖንጅ ካለው ጋር ማወዳደር ፍትሕ የለውም።

ደረጃ 5፦ ድምፃቸውን እኩል ማድረግ

ከዚህ መመሪያ አንዱን ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባል የለ? በ1 ወይም በ2 ዲሲቤል ከፍ ያለ ድምፅ ጆሯችን «ጮኸ» ብሎ አይነግረንም፤ «ጠራ፣ ሰፋ፣ ሞላ» ነው የሚለን። አንድ ዓይነት ቮሊዩም ላይ ሁለት ሄድፎን ስትሰኩ ደግሞ አንዱ ከሌላው በብዙ ዲሲቤል ሊበልጥ ይችላል። በቀላሉ የሚነዳው ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት ነው።

ማስተካከያው ይኸው። ከሄድፎኑ ጽዋ (ጆሮ ላይ ከሚያርፈው ክብ ክፍል) የሚሰፋ ወፍራም ካርቶን ቁረጡና መሃሉ ላይ የስልክ ማይክ የምታህል ቀዳዳ አውጡ። የድምፅ መለኪያ አፕ የጫናችሁበትን ስልክ ከካርቶኑ ሥር አድርጋችሁ ማይኩ ቀዳዳው ላይ እንዲገጥም በፕላስተር አጥብቁት። ሄድፎኑን በሌላ ስልክ ወይም በኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ አንዱን ጽዋ ካርቶኑ ላይ ሳይዛነፍ አሳርፉት። ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን «ሽሽሽ» የሚል ወጥ ድምፅ አጫውቱ። የአንድ ኖታ ፉጨት አትጠቀሙ፤ ሄድፎኖች እዚያች ኖታ ላይ በአጋጣሚ ከፍ ወይም ዝቅ ሊሉ ይችላሉና።

አፑ የሚያሳየው ቁጥር እውነተኛው ዲሲቤል ላይሆን ይችላል፤ ግድ የለም። የምንፈልገው ልዩነቱን ነው። የመጀመሪያው ሄድፎን 72 ካሳየ ሁለተኛውም 72 እስኪያሳይ ቮሊዩሙን አስተካክሉና ለእያንዳንዱ የደረሳችሁበትን ቦታ ጻፉ። የስልክ ቮሊዩም ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲጫን ብዙ ስለሚዘልል ኮምፒውተር ይመረጣል፤ ከሌለ የማጫወቻ አፑን የራሱን ቮሊዩም ተጠቀሙ። በ1 ዲሲቤል ውስጥ ካቀራረባችኋቸው ለቤት ፍርድ ይበቃል።

ካርቶኑ ከጆሮ ጋር አንድ ስላልሆነ በመጨረሻ የሰው ድምፅ ብቻ ያለበት ቀረጻ ከፍታችሁ በጆሮም አረጋግጡ። ከፍታውንም አታብዙት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጣሪያ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዲሲቤል ነው፤ 90 ላይ ሲደርስ የሚፈቀደው ጊዜ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል።

ደረጃ 6፦ ማዳመጥ

ሰዓቱን ምረጡ። ባጃጁ ገብቶ፣ ሰፈሩ ተኝቶ፣ ዝናብ በሌለበት ምሽት ይሁን።

ለሙከራ የሚሆነውን ሙዚቃ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው የዚሁ የወሎ አገር ስም ነው፤ አብረዋችሁ ያደጉ ዘፈኖች ስለሆኑም ጆሯችሁ ከማንኛውም የውጭ ሙከራ ዘፈን በበለጠ ያውቃቸዋል። የማያውቁትን ሙዚቃ ይዞ ሄድፎን መፈተን ሄድፎኑን ከሙዚቃው መለየት እንዳይቻል ያደርጋል። ከእያንዳንዱ ዘፈን ሠላሳ ሰከንድ ያህል ብቻ ቆርጣችሁ አንዱ ላይ ከሰማችሁ በኋላ ወዲያው በሌላው ድገሙት። ጆሮ ረቂቅ ልዩነትን ይዞ የሚቆየው ለሰከንዶች ነው።

በመሲንቆ ጀምሩ። የጭራው ፍትጊያ ሸካራነት ሊሰማ ይገባል፣ ግን ጥርስ የሚያፋጭ መሆን የለበትም። ትሬብሉ የበዛ ሄድፎን መሲንቆን መጋዝ ያደርገዋል፤ ያነሰው ደግሞ ፍትጊያውን አጥፍቶ ሌላ መሣሪያ ያስመስለዋል። ክራር ላይ የምትሹት ጣት ክሩን የሚነካባት ቅጽበት ናት፤ ምቱ ቆንጠጥ ብሎ፣ ከኋላው የሚቀረው ንዝረትም ሳይደፈን ቀስ ብሎ መጥፋት አለበት። ዋሽንት ላይ የነፊው ትንፋሽ ከኖታው ተለይቶ ይሰማ እንደሆነ ያዙ።

የሰው ድምፅ ትልቁ ፈተና ነው፤ አማርኛ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ቋንቋ ነው። «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ጸ» እና «ጨ» የበዙበትን ስንኝ ፈልጉ። በተስተካከለ ሄድፎን ፊደሎቹ ይለያሉ፣ አይወጉም። «ሰ» በመጣ ቁጥር ዓይናችሁን ጨፈን የሚያደርጋችሁ ከሆነ ያ ሄድፎን ከአንድ ሰዓት በላይ አብሯችሁ አይቆይም፤ መጀመሪያ ላይ «እንዴት ይጠራል!» ያሰኛችሁም እሱው ይሆናል። ዲቲ 990 ላይ ይህን በተለይ ፈትሹ፤ ከኤችዲ 650 ጋር ስታቀያይሩት ልዩነቱ ቁልጭ ይላል።

ለስፋትና ለአቀማመጥ ጥሩ ሆኖ የተቀረጸ መንዙማ ምረጡ። መሪው መሃል ላይ፣ ተቀባዮቹ ደግሞ ግራና ቀኝ ተዘርግተው፣ ድቤው ከታች ሆኖ። በሚቀበሉበት ጊዜ ድምፆቹን ለየብቻ ልትቆጥሯቸው ትችላላችሁ ወይስ አንድ ጉም ይሆናሉ? መሪው ሲመለስ ከመሃል ይወጣል ወይስ ቦታው ይዋልላል? በስልክ የተቀረጸ መንዙማ ለዚህ አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ ግራና ቀኙ አንድ ነው። በብዙ አሮጌ ዘፈኖች ላይም እንደዚሁ። ያ ቀረጻ ጠበበ ብላችሁ ሄድፎኑን እንዳትኮንኑ።

ከካሴት የተገለበጠ አንድ ዘፈን ግን ጨምሩ፤ የወሎ ዘፈን የሚወድ ሰው ስብስቡ ውስጥ ካሴት ወለድ ቀረጻ አያጣም። ትሬብሉ የሾለ ሄድፎን የካሴቱን «ሽሽታ» ከዘፋኙ እኩል ያወጣዋል። በጣም ዝርዝር የሚያሳይ ሄድፎን ገዝቶ የገዛ ዘፈኖቹን መስማት ያስጠላው ሰው ብርቅ አይደለም። ስብስባችሁ በአብዛኛው አሮጌ ከሆነ ለስለስ ያለውን ምረጡ፤ እኔ በበኩሌ ኤችዲ 650ን ከብዙ ውድ ሄድፎኖች የማስቀድመው ለዚህ ነው።

ቤዝ የመጨረሻው ይሁን፣ ምክንያቱም ጀርባ ክፍት ላይ በአብዛኛው ያንሳል። ጥያቄው መጠኑ ሳይሆን ቅርፁ ነው፦ ከበሮው ሲመታ ቆዳውና ሆዱ ይለያሉ ወይስ «ድም» የሚል አንድ እብጠት ብቻ ነው?

ዋጋቸውን እያወቃችሁ ስለምታዳምጡ ውድ የሆነው እንዲያሸንፍ ሳታውቁት ታግዛላችሁ። ዓይን ጨፍኖ መሞከርም አያድንም፤ ቅርፃቸው ራስ ላይ ሲያርፍ ያሳብቃል። ስለዚህ ዋጋ ለማያውቅ ጓደኛችሁ ስጡትና እሱም እናንተም ሳትነጋገሩ ጻፉ። ወረቀቶቹን አስተያዩ። ሁለታችሁም ሳትመካከሩ የጻፋችሁት ነገር ሄድፎኑ ውስጥ በእርግጥ ያለ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ደረጃ 7፦ ምቾት

ብዙ ሰው ይህን እንደ ተጨማሪ ነገር ያየዋል። እኔ ቀድሞ የሚጥለው እሱ ነው ባይ ነኝ። የድምፅን ጉድለት በኋላ በኢኳላይዘር (ቤዝና ትሬብልን በሚያመጣጥን አፕ) ማቃናት ይቻላል፤ ጆሮ የሚነካ ጽዋን የሚያሰፋ አፕ ግን የለም።

መለኪያው አንድ ሙሉ ቡና ነው። ቡናው መቆላት ሲጀምር አድርጉት፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አልፎ ረከቦቱ እስኪነሣ አታውልቁት። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ምንም አይነግራችሁም። ከዚያ በኋላ ግን አናት ላይ አንዲት ነጥብ መቆርቆር፣ ከጆሮ ሥር መንጋጋ ላይ መጫን፣ ጆሮ ጫፍ ላይ መታሸት ይጀምራል። እጃችሁ ሳታዙት ሄድፎኑን ሲያስተካክል ካያችሁ ይቆረቁራችኋል ማለት ነው፤ ቦታውን ጻፉ።

ኤችዲ 600ና 650 አዲስ ሲሆኑ ይጨምቃሉ። በሁለቱም በኩል ያለውን ብረት ቀስ እያሉ ወደ ውጭ በመሳብ ማላላት ይቻላል፤ ፕላስቲኩን ግን አትንኩ። የኤኬጂ ኬ701ና ኬ702 የራስ ማሰሪያ ከሥሩ እብጠቶች ያሉት ሆኖ የተሠራበት ጊዜ አለ፤ ፀጉር ባጠረ ራስ ላይ ይታወቃል። ከባዱን ሄድፎን ስትሞክሩ ቀና ብላችሁ ብቻ አትቀመጡ፤ እንደምታነቡ ወይም እንደምትሠሩ አንገታችሁን ደፍታችሁ ሞክሩት።

በምትለብሱት ሁኔታ ሞክሩ። ሂጃብ ወይም ሻሽ የምታደርግ ሴት ያንኑ አድርጋ፣ መነጽር ያለው በመነጽሩ፣ ሹሩባ የተሠራችም ከነሹሩባዋ። ጨርቅና የመነጽር ዘንግ በስፖንጁና በቆዳ መካከል ክፍተት ስለሚፈጥሩ ቤዝ ይቀንሳል። ሌላ ሰው «ቤዙ ጥሩ ነው» ያለው ለእናንተ ቀጥኖ ቢሰማ ከዚህ ሊሆን ይችላል። በተለይ ዙሪያውን በደንብ መግጠም የሚፈልጉት ሞዴሎች ላይ ልዩነቱ ይጎላል።

ከዚያ ሙቀት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና ማታ ማታ ጆሮ የሚሞቅለት ነገር ይወዳል። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፤ ያው የሌዘር ስፖንጅ ከሰዓት በኋላ ያልባል። ለኮምቦልቻ ከፋይ ወይም ጨርቅ ስፖንጅ ያለውን እመክራለሁ፤ ላብ ቢጠጣም አይጣበቅም፣ ሌዘሩ ደግሞ ላብ ሲበዛበት ይላጣል። ለደሴ ሁለቱም ይሆናሉ።

ደረጃ 8፦ ኢኳላይዘርና ግዢ

ምቾቱን ያለፉት ሁለት ሆነው በድምፅ ካልተለያዩ፣ ወይም የተመቻችሁ ቤዝ ካነሰው፣ አንድሮይድ ላይ ዌቭሌት፣ ዊንዶውስ ላይ ኢኳላይዘር ኤፒኦ የሚባሉትን ሞክሩ። ዌቭሌት ለብዙ ሞዴሎች የተዘጋጀ ማስተካከያ አለው። ቤዝ ስትጨምሩ አጠቃላይ ከፍታውን በዚያው መጠን ቀንሱ፤ አለበለዚያ ድምፁ ይሰነጠቃል። «መቶ ሰዓት ሳይጫወት ድምፁ አይከፈትም» የሚለውን ምክር ለማስተባበያ አትጠቀሙበት። በሳምንታት ውስጥ በአብዛኛው የሚለወጠው የስፖንጁ ልስላሴና የእናንተ ጆሮ ልማድ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ኬብሉ የሚነቀል መሆኑን እዩ። የኤችዲ 600 ይነቀላል፤ የነባሩ ዲቲ 990 ፕሮ ግን ከሄድፎኑ ጋር የተያያዘ ጥምዝምዝ ኬብል ነው፣ ሲበላሽ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ትርፍ ስፖንጅ ከሄድፎኑ ጋር አብሮ ይምጣ፤ በኋላ ለብቻው ማስመጣት አድካሚ ነው። መሰኪያው ትልቁ 6.35 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ 3.5 የሚቀይረውን አትርሱ። አምፕ አብሮ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ከአሜሪካ ከሆነ የኃይል ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ፤ «100–240» ካለ ይሠራል፣ «120» ብቻ ካለ እዚህ ባለው 220 ቮልት ላይ እንዳለ ከሰካችሁት ይቃጠላል።